የሰሜን ሸዋ ሰማይ የራሱ መመሪያ ይፈልጋል
(በሥነ ፈለክ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም ወደ ደብረ ብርሃን መጣችሁ።

ዛሬ የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው። የቴሌስኮፕ አጠቃቀም የተማርንባቸው መጻሕፍትና ቪዲዮዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት 40 ወይም 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው 9.7 ዲግሪ ላይ፣ ያውም ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ። ይህ ልዩነት ከመሣሪያው አተካከል ጀምሮ እስከምናየው ኮከብ ድረስ ብዙ ነገር ይለውጣል። ስለዚህ ለራሳችን ሰማይ የራሳችንን መመሪያ መጻፍ አለብን፤ የዚህ ጉባኤ ዋና ሥራም እሱ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ከአተካከሉ ልጀምር። ኢኳቶሪያል የሚባለውን፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ እየዞረ የከዋክብትን ጉዞ የሚከተለውን ማቆሚያ ስትተክሉ ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሩ ይባላል። እዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው 10 ዲግሪ ያህል፣ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ ብቻ ነው። አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይከልለዋል። ከዚያ የሚብሰው ግን ብዙዎቹ ማቆሚያዎች ዘንጋቸውን እስከዚህ ድረስ ዝቅ ለማድረግ አለመሠራታቸው ነው። ብሎኑን በግድ ስትገፉት ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል፣ ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ማቆሚያው ይወድቃል። ለጀማሪም ለትምህርት ቤትም የምመክረው ዶብሶኒያን ነው፦ 200 ሚሊ ሜትር መስታወትና በሣጥን ላይ የሚዞር ቱቦ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሣጥኑ ከችፑድ ከተሠራ ጠርዙን ሁሉ ቀለም ቀቡት፤ አለበለዚያ ጤዛ ጠጥቶ ያብጣል፣ መዞሩም ይከብዳል።

ዶብሶኒያንም ቢሆን እዚህ የራሱ ችግር አለው። ፕላኔቶች በእኛ ሰማይ ብዙ ጊዜ ወደ አናታችን ተጠግተው ያልፋሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ብርሃናቸው የሚያቋርጠው አየር ቀጭን ነውና። ነገር ግን ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ ጎን መከተል ያስቸግራል። መፍትሔው ፕላኔቱ አናት ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ማየት ነው፤ ያኔ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል፣ የምስሉም ጥራት ብዙ አይቀንስም።

አሁን ወደ ውርጩ ልምጣ፤ የአገራችን ዋነኛ ፈተና ይህ ነው። ምርጡ ሰማይ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ውርጩም ያኔ ነው። ቤት ውስጥ የከረመ መስታወት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ከላዩ የሚነሣው ሞቃት አየር ቱቦው ውስጥ ይዞራልና ጁፒተር እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ሰዉ ወዲያው «መሣሪያው ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴሌስኮፑን አውጡት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት፤ ከመስታወቱ ጀርባ በ12 ቮልት የሚሠራ የኮምፒውተር ማራገቢያ ብታስሩለት ደግሞ ይፈጥናል።

መስታወቶቹን ማስተካከልም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አንድ ደማቅ ኮከብ መሐል ላይ አስገቡ፣ በ120 እጥፍ ገደማ አጉልታችሁ ትንሽ ከፎከስ አውጡት፤ ኮከቡ ደብዝዞ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። ቀለበቶቹ አንድ ማእከል ከሌላቸው ከጀርባ ካሉት ሦስት ብሎኖች አንዱን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ኮከቡን መልሳችሁ መሐል አድርጉ፣ ደግማችሁ እዩ። ኮከቡ ሦስት ማዕዘን ከመሰለ መስታወቱን የያዙት ክሊፖች ጠብቀዋል፤ በጥቂቱ አላሏቸው። ለጤዛው በቱቦው አፍ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የስፖንጅ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ እሰሩ። ጤዛ ከያዘ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ሽፋኑ ይጫራል። ስትጨርሱ ክዳኑን ውጭ እያላችሁ ግጠሙ፣ ቤት ገብቶ እስኪሞቅም አትክፈቱት።

ቦታ ስትመርጡ የጣርማ በር ገደል አፋፍ አያታልላችሁ። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር አቀበቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና በደቂቃዎች ውስጥ ጉም ይሆናል። ከአፋፉ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ በሉ።

ለዚህ ሁሉ ድካም የምናገኘው ዋጋ ደቡቡ ሰማይ ነው። በጥርና በየካቲት ምሽት ከሲሪየስ ቀጥሎ በድምቀት ሁለተኛ የሆነው ካኖፐስ ከአድማስ 27 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በግንቦት ምሽት፣ ደመናው ፋታ ሲሰጥ፣ የደቡብ መስቀልን አሳዩ፤ ቀጥሎ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን የሚሊዮኖች ከዋክብት ክምችት በ48 እጥፍ እዩት። አብዛኛው አውሮፓ ይህን ፈጽሞ አያይም። መመሪያችን ከዚህ ገጽ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ሕዝብ በምናስተናግድበት ምሽት ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «አሜሪካኖቹ ጨረቃ ላይ የተከሉት ባንዲራ ይታያል?» አይታይም። ባለ 200 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕ ጨረቃ ላይ የሚለየው ትንሹ ነገር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ እዚያ የቀረው የማረፊያ መንኮራኩር አካል ከነእግሩ 10 ሜትር አይሞላም። ጠያቂውን ግን ባዶ እጁን አትመልሱት። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አሳዩት፣ አንዷ ዩሮፓ መሆኗን ንገሩት፤ ወደ እርሷ የተላከው ዩሮፓ ክሊፐር የተባለው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከምድር ተነሥቶ በ2030 ጁፒተር ዘንድ እንዲደርስ ታቅዷል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀጠሮ አለው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ሙሉው ጥላ ከግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ በሶማሊያ ጫፍ ያልፋል፤ ለእኛ ከፊል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረው ቀለበታማ ግርዶሽ ማለዳ ስለነበር ደመና ሳይከብድ ነው የመጣው። ይኼኛው ግን በክረምቱ መሐል፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ ደመናው የሚወፍርበት ሰዓት። ስለዚህ አንድ ቡድን ወደ ቆላው፣ አንዱ ደጋ ላይ እንዲቆም ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከደመናው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሕፃናቱ ዓይን ነው። የራጅ ፊልምና በጥላሸት የጠቆረ መስታወት ብርሃኑን ያደበዝዛሉ እንጂ የማይታየውን ጨረር አያግዱም፤ የዓይናችን ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም፣ ልጁ ሳያውቀው ይቃጠላል። መነጽር ከሆነ አይኤስኦ 12312-2 የሚለው የፀሐይ መመልከቻ ዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈበት፣ ያልተጫረና ያልተበሳ ይሁን። በቴሌስኮፕ ከሆነ ማጣሪያው የሚገጠመው ከፊት፣ በቱቦው አፍ ላይ ነው፤ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ከሙቀት የተነሣ ይሰነጠቃል። ትንሿን ማነጣጠሪያም ንቀሏት። ማጣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ካርቶን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስታችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ብርሃኑን 2 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት፤ 18 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች የተገመሰች ፀሐይ ትታያለች። ወንፊት ብትዘረጉ በመቶ የሚቆጠሩ ፀሐዮች መሬት ላይ ይበተናሉ።

ከምሳ በኋላ በየቡድኑ ተከፍለን የመመሪያውን ረቂቅ እንጀምራለን፤ ካቻቢቴ ያመጣችሁ መስታወት ማስተካከል ወደሚሠራው ቡድን ግቡ። ቴሌስኮፖቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣሉ፤ ጋቢ ወይም በርኖስ ያልያዘ ሰው ከአሁኑ ይፈልግ። ጉባኤው ተከፍቷል።