የተኩላው ትከሻ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የጃፓን ሱሞ ታጋይ ላወራችሁ ነው። ስሙ ቺዮኖፉጂ ይባላል። ዮኮዙና የሚባለውን የሱሞ የመጨረሻ ማዕረግ አስር ዓመት ያህል ይዞ የኖረ፣ 31 ጊዜ የውድድር አሸናፊ የሆነ፣ በጠቅላላው 1045 ግጥሚያ የረታ ሰው ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ትከሻው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

በ1955 ሆካይዶ በሚባለው የሰሜኑ ደሴት፣ ፉኩሺማ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተወለደ። አባቱም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጁ ሩጫና ዝላይ እንጂ ሱሞ ልቡ ውስጥ አልነበረም። ከቶኪዮ የመጡ የሱሞ ሰዎች "አውሮፕላን እናሳፍርሃለን" ብለው አማለሉት ይባላል። በ15 ዓመቱ ከቤት ወጣ። ይቺን የአውሮፕላን ነገር በጣም ነው የምወዳት። የስንት ሰው ዕድሜ ልክ መንገድ እንዲህ ባለች ትንሽ ጉጉት ተጀምሯል!

ሱሞ ውስጥ የክብደት ምድብ የለም። እሱ 120 ኪሎ አካባቢ ነበር፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ኮኒሺኪን የመሰለ ሰው ፊቱ ሊቆም ይችላል። ታዲያ ወጣት ሳለ የሚታመነው በክንዱ ጉልበት ነበር። ትልልቆቹን ጠምዝዞ መጣል ይወዳል። ትከሻው ግን አፈጣጠሩ ደካማ ነበርና፣ በጣላቸው ቁጥር እየወለቀ ያስቸግረው ጀመር። በ1979 ክፉኛ ወለቀበት፤ ብዙ ሰው አበቃለት ያለው ያኔ ነው።

ምን አደረገ መሰላችሁ? በየቀኑ 500 ፑሽ አፕ ይሠራ ነበር ይባላል። መገጣጠሚያው ሊይዝለት ያልቻለውን ትከሻ በጡንቻ ዙሪያውን አጠረው። ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን ሁለተኛው ነገር ነው፤ አታጋገሉን ለወጠ። የሚወደውን መጣል ቀነሰና፣ ገና ሲነሱ ፈጥኖ የባላጋራውን መቀነት ከፊት ጨብጦ ቀጥ ብሎ መግፋት ተማረ። ትከሻው ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም፣ ከዚያ በኋላም ወልቆበታል። አልዳነም ማለት ነው። ካልዳነ አካል ጋር የሚሆን ሥራ ፈጠረ እንጂ። እኔም ጀርባዬን መታመም ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከሰማኋቸው የጀግና ታሪኮች ሁሉ እውነት ሆኖ የቀረልኝ ይሄ ነው።

ከዚያ 1981 መጣ። በጃንዋሪው ውድድር የመጨረሻ ቀን በኃያሉ ኪታኖኡሚ ተሸነፈ፤ እኩል ነጥብ ስለሆኑ እዚያው ደግመው ሲገጥሙ ግን ቺዮኖፉጂ ጣለው። በሐምሌ ዮኮዙና ሆነ። በዓይኑ ምክንያት "ተኩላው" ይሉት ነበር። በ1988 ደግሞ 53 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፤ ያቆመው ኦኖኩኒ ነው።

በ1989 ገና የጥቂት ወራት ሕፃን የነበረች ልጁ በድንገት ሞተችበት። በሚቀጥለው ወር ናጎያ ላይ፣ ለእሷ መታሰቢያ የቡድሂስቶችን መቁጠሪያ አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ። አሸነፈም። ለዋንጫው የገጠመው በአንድ የሱሞ ማሠልጠኛ ቤት አብሮት ሲለማመድ የኖረው ሆኩቶኡሚ ነበር። ይህን ሰዎች የጽናት ምሳሌ አድርገው ሲያነሱት ደስ አይለኝም። ልጅ የሞተበት አባት ጠንካራ መሆን አለበት ያለው ማነው? ምናልባት ሐዘኑን ይዞ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

በ1991 በሜይ ውድድር በመጀመሪያው ቀን ታካሃናዳ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ አሸነፈው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ታካቶሪኪ። በቃ። ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ አቅሙ ማለቁን፣ ወኔውም መሄዱን ተናገረ፤ እንባ ተናንቆት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰውነቱን ሲያዳምጥ ለኖረ ሰው፣ በቃኝ ሲለውም የሰማው ይመስለኛል። በ2016 በቆሽት ካንሰር፣ በ61 ዓመቱ አረፈ።

ግጥሚያዎቹ ዛሬም ይገኛሉ። የጃንዋሪ 1981ዱን ፈልጋችሁ ሁለቱንም ዙር እዩት፤ የተሸነፈበትን እንዳታልፉት። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።