የክርስትና ስማቸውንም ጻፉ
(ለቃኘው ዘማቾች ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ታሪኩን ለእናንተ አልደግምም። በ1943 ዓ.ም. ዘማቾቹ ከጅቡቲ በመርከብ ተነስተው የኮሪያ ወደብ ፑሳን መግባታቸውን፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር መሰለፋቸውን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን ታውቃላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ መዝገብ ላወራ ነው።

በኮሪያ የወደቁት አጽማቸው መጥቶ ቅድስት ሥላሴ አርፏል። በሕይወት ተመልሰው ኋላ የሞቱት ግን በየደብሩ ተበትነዋል። አያቴም ከእነሱ አንዱ ናቸው። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ቆስለው ተመለሱ። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ፎቶ ነው። ወረቀታቸውን ሴት አያቴ በደርግ ጊዜ አቃጠሉት። አልፈርድባቸውም። ኮሚኒስት ሲወጋ የኖረ ሰው ወረቀት ያኔ ያስፈራ ነበር።

መቃብራቸው ሐውልት የለውም። ስለዚህ የደብሩን መዝገብ ለማየት ሄድኩ። መዝገቡን የያዙት አባት ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ገጹን ሁሉ አገላብጠው፣ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አልተቀበረም» አሉኝ። ክው አልኩ። ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች አሉ እኮ! ትንሽ ቆይተው፣ «የክርስትና ስማቸውስ?» አሉ። ከቤተሰቡ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ በተዝካራቸው ቀን ካህኑ ሲጠሩት ሰምታ ነበር። በዚያ ስም ስንፈልግ ቀኑም ወሩም ተገኘ። ከጎኑም «ሃምሳ አለቃ» ይላል። እኛ አሥር አለቃ ነበሩ ስንል ነው የኖርነው።

ማዕረጉን ይዤ የጦር ሠራዊት ፋይላቸውን ፍለጋ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት «ነገ ና» አለኝ። ነገም ኃላፊው የለም። ኋላ አንዱ ሠራተኛ፣ «የሞተ ሰው ፋይል ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ምን ያደርግልኛል? አገር ልኳቸው የደሙ ሰው ናቸው! ከ500 በላይ ቆስለዋል። የእያንዳንዳቸው የሕክምና ወረቀትና የማዕረግ ደብዳቤ የት ነው? ፋይሉ የአገር አደራ እንጂ የማንም የግል ዕቃ አይደለም! ግልባጩ ለልጆቻቸው ይሰጥ! ይህን የምንጠይቀው በመብታችን ነው፤ ልመና አይደለም!

ሁለት ነገር በአጭሩ። የውጭ መዝገብ ስታዩ የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ፤ የፈረንጆቹ 1952 መጨረሻ በእኛ 1945 ነው። ደግሞም የአባትን ስም አስቀድመው ሊጽፉ ስለሚችሉ በሁለቱም ፈልጉ።

በር ላይ ቅጽ አለ። የዘማቹን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ማዕረጉን፣ የክርስትና ስሙን፣ የተቀበረበትን ደብር ሙሉ። አረጋውያን ዘማቾቻችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከመሄዳችሁ በፊት አብሯቸው የዘመተውን ሰው ስም ጠይቋቸውና እሱንም ጻፉት።

አመሰግናለሁ።