ሳነቴ ከመውጣታችሁ በፊት ሜዳ ላይ ውደቁ

[ምስል፦ ጭጋግ ያለበሰው አምባ። አንድ ሞተር ከሩቅ ይመጣል።]

ይህ ባሌ ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ያደርሳል። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ መንገዱን ሲያቋርጥ የምታዩት እዚህ ነው። ከዚያ አምባው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሀረና ጫካ ይወርዳል። በሪራ በኩል አድርጎ ደሎ መና ይገባል።

ጠጠር፣ ብርድ፣ ቁልቁለት፣ ጭቃ። ሁሉንም በአንድ ቀን ታገኟቸዋላችሁ።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ስንዘጋጅ መጀመሪያ ሞተር እንገዛለን። ቀጥሎ ሻንጣ፣ ቀጥሎ ካሜራ። መንዳቱን መንገዱ ያስተምረናል እንላለን። እኔም እንደዛ ብዬ ሄጄ ሀረና ቁልቁለት ላይ ወደቅኩ። ፍጥነቴ ከእግረኛ አይበልጥም ነበር። የባሰው ግን ሞተሩን ማንሳት አቃተኝ። ማር ጭነው የሚያልፉ ሁለት ሰዎች አነሱልኝ። አንደኛው እየሳቀ «በቅሎ እኮ ስትወድቅ ራሷ ትነሳለች» አለኝ።

ስለዚህ ትምህርቱን ከማንሳት እንጀምር።

[ምስል፦ የኳስ ሜዳ። ሞተር በጎኑ ተኝቷል።]

ሰፈራችሁ ያለ የኳስ ሜዳ ይበቃል። ሻንጣውን አውርዱና ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ አስተኙት። አንድ ሰው ያግዛችሁ። በእውነት ስትወድቁ ከሁሉ በፊት ሞተሩን አጥፉት፣ ቤንዚን ይፈስሳልና። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ፣ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን ዘርጉ። ማቆሚያው በግራ ስለሆነ ቀና ሲል እሱ ላይ ያርፋል። ካልዘረጋችሁት ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ሁለተኛው ውድቀት ደግሞ ከመጀመሪያው ያናድዳል። ማርሽ አስገቡ፤ ፎሌ ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጀርባችሁን ለሞተሩ ስጡና መቀመጫውን በመቀመጫችሁ ተደገፉት። ቁጢጥ በሉ። አንድ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው ከኋላ የሚያዝ ብረት ላይ። ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመዱ። የሚያነሳው እግራችሁ ነው። ወገባችሁን ተዉት።

እዚህ ላይ ስለ ሞተር ምርጫ አንድ ነገር ልበል። ትልልቆቹ የጉዞ ሞተሮች ቀላል አይደሉም። ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ነው፣ ገና ሻንጣ ሳይጫን። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ግን 142 ኪሎ አካባቢ ነው። ለመማር ትንሹን ምረጡ። «ትንሽ ሞተር ረጅም መንገድ አይሄድም» የሚላችሁን አትስሙት። በክፍለ ሀገር በ150 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰውና አንድ በግ ጭኖ ተራራ የሚወጣውን ሰው ሁላችንም አይተናል።

[ምስል፦ ነጂው በጣም በዝግታ ስምንት ቁጥር ይሠራል።]

ቀጥሎ ዝግታ። ሁለት ድንጋይ አስቀምጡና በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር ሥሩ፤ በአንደኛ ማርሽ፣ እግር መሬት ሳይነካ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ አትልቀቁት። በሁለት ጣት ይዛችሁ በግማሽ አጫውቱት። ነዳጁን ጥቂት ሰጥታችሁ እኩል ያዙት፤ ሲፈጥንባችሁ የኋላውን ፍሬን በእግር ነካ አድርጉት። ይህን ሰላሳ ደቂቃ ሞክሩት። እጃችሁ ይዝላል። ሀረና ላይ ያጣሁት ግን ይህንኑ ነበር።

አሁን ቆሞ መንዳት። የእግር ማሳረፊያውን እርካብ እለዋለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው አንድ ነው። የባሌ ፈረሰኞችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ሻካራ ሲሆን ኮርቻው ላይ ድርቅ ብለው አይቀመጡም። ከእርካቡ ብድግ ይላሉ፤ ፈረሱ ከሥር ይንቀጠቀጣል፣ እነሱ ግን ከላይ ጸጥ ብለዋል።

ብዙ አስተማሪ «ስትቆም ክብደትህ ዝቅ ይላል» ይላል። ልክ አይመስለኝም። ሰው ሲቆም ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም! የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። ስትቀመጡ ድንጋዩ ሞተሩን ሲመታ እናንተንም ይመታል፤ ሰውነታችሁ ደግሞ ተመልሶ ሞተሩን ያወዛውዘዋል። ስትቆሙ ጉልበታችሁ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ይሆናል። ሞተሩ በእግሮቻችሁ መሃል ግራና ቀኝ እንዲል ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ጠጠር ላይ የፊት ጎማ መደነስ ይወዳል። ይደንስ። መሪውን አንቃችሁ ከያዛችሁት ነው የሚጥላችሁ። ጉልበት እጥፍ፣ ክርን ወደ ውጭ፣ እጅ ላላ፣ ዓይን ሩቅ።

ዓይን ስል የምሬን ነው። ጉድጓዱን ካያችሁት ትገቡበታላችሁ። መሄድ የምትፈልጉበትን እዩ።

[ምስል፦ ቁልቁለት፣ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት።]

ፍሬን። ልቅ ጠጠር ላይ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ትመልሱታላችሁ። የፊቱ ቢንሸራተት መሬት ናችሁ። ያም ሆኖ የፊቱን ፍሬን መፍራት ስህተት ነው፤ ዋናው ማቆሚያ እሱ ነው። በአንድ ጣት፣ እየጨመቃችሁ፣ ቀስ በቀስ። ሜዳው ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የኋላውን ሆን ብላችሁ ቆልፉና ስሜቱን ልመዱት። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ፎሌ አድርጎ መውረድ የለም።

የጎማ ነፋስ ብዙዎች የሚረሱት ነው። አስፋልት ላይ 2.5 ባር የነበረውን ኮረኮንች ላይ ወደ 1.8 ባር አካባቢ ብታወርዱት ጎማው ሰፋ ብሎ መሬት ይይዛል። ከልክ በላይ ካወረዳችሁ ግን ድንጋዩ ቸርኬውን ያጣምመዋል፣ ካላማዳሪያውን ይቀድደዋል። ሳነቴ ላይ ጎሚስታ የለም። ፖምፓ ያዙ።

ጭቃን በተመለከተ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ በዝናብ ወራት አትሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል። ካጋጠማችሁ ደግሞ እግራችሁን እየዘረጋችሁ መሬቱን አትቅዘፉ። ጠንካራ የብረት ሻንጣ ከጫናችሁ እግራችሁ ከፊቱ ተጠምዶ ቁርጭምጭሚታችሁ ሊሰበር ይችላል። እኔ ወደ ጨርቅ ሻንጣ የዞርኩት ለዚህ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦቲም ከሄልሜት እኩል ቁጠሩት።

ከፍታውንም አትናቁ። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ይደክማል። እናንተም ትደክማላችሁ፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቀመጣል፣ ቅርብ ያያል። ራስ ምታት ከጀመራችሁ ቁሙና ውኃ ጠጡ። ካልተሻላችሁ ወደ ጎባ ውረዱ፤ ጎባ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ጓንት ከሁለት አትቀንሱ፤ ጣት ከደነዘዘ ፍሪሲዮን የለም።

[ምስል፦ ማታ፣ ጎባ መግቢያ፣ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይነፋል።]

ስትመለሱ፣ አስፋልቱ ሲጀምር ፖምፓውን አውጡ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ኩርባ ላይም ይዋልላል። ለእያንዳንዱ ጎማ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ያኔ ልጆች ይከቧችኋል፤ ፖምፓውን ስጧቸው፣ ከእናንተ ይፈጥናሉ።