ከርነሉ የማያውቃቸው ትሬዶች

[ስክሪን፦ አንድ ፕሮሰስ፣ በውስጡ ሦስት ትሬዶች፤ ከታች ከርነል]

አንድ ፕሮግራም ሦስት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት የሥራ መስመሮች፣ አሉት እንበል። ትሬድ ሀ ከኔትወርክ መረጃ ይጠብቃል፣ ለ ያሰላል፣ ሐ ስክሪኑን ያድሳል። መረጃው 2 ሰከንድ ቢዘገይ ለ እና ሐ ሥራቸውን ይቀጥላሉ ወይስ አብረው ይቆማሉ? መልሱ ያለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ትሬዶቹ መኖራቸውን ያውቃል ወይ?

የተጠቃሚ ደረጃ ትሬዶች ከሆኑ አያውቅም። የትሬዶቹ ሰንጠረዥ የተቀመጠው በፕሮግራሙ በራሱ ሚሞሪ ውስጥ ነው። ተራ የሚሰጠውም፣ ማለትም ስኬጁለሩ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ላይብረሪ ነው። ለከርነሉ ሁሉም አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሮጥ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም፣ ናቸው።

[ስክሪን፦ ሁለት ስታኮች ጎን ለጎን፤ የስታክ ጠቋሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል]

የዚህ ጥቅም ፍጥነት ነው። ቀረብ ብለን እንየው። ትሬድ ሀ ተራውን ሲለቅ ላይብረሪው፣ ለምሳሌ 64 ቢት ኢንቴል ላይ በሚሠራ ሊኑክስ፣ 6 ሪጂስተሮችን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማከማቻዎችን) በሀ ስታክ፣ ማለትም በትሬዱ የራሱ የሥራ ሚሞሪ፣ ላይ ያስቀምጣል። የስታክ ጠቋሚውን ወደ ለ ስታክ ያዞራል፣ የትሬድ ለን 6 ሪጂስተሮች ይመልሳል፣ ለ ካቆመበት ይቀጥላል። አለቀ። ከርነል ውስጥ ስላልተገባ ጊዜው በናኖ ሰከንድ ይቆጠራል። በከርነል በኩል ቢሆን ግን ማይክሮ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል።

[ስክሪን፦ ሀ "ሪድ" ይጠራል፤ ፕሮሰሱ በሙሉ ግራጫ ይሆናል]

አሁን ሀ ሪድ የሚባለውን ሲስተም ኮል፣ ማለትም ከርነሉን መረጃ አንብብልኝ የሚል ጥያቄ፣ ጠራ፤ መረጃው ግን አልደረሰም። ከርነሉ ጠሪውን ያስተኛል። እሱ የሚያውቀው ጠሪ ደግሞ ፕሮሰሱ ነው። ስኬጁለሩ ራሱ የፕሮሰሱ አካል ስለሆነ አብሮ ተኝቷል፤ ለ ለመሮጥ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ተራ የሚሰጠው የለም። ሌሎች ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ሥራ ፈተው ቢቀመጡም ለውጥ የለውም፣ አንድ ፕሮሰስ ያገኘው አንድ ኮር ብቻ ነውና።

መፍትሔው ሶኬቱን፣ ማለትም የኔትወርክ ግንኙነቱን በር፣ ነን-ብሎኪንግ (መረጃ ከሌለ ሳያስተኛ ወዲያው የሚመልስ) አድርጎ የትኛው እንደደረሰ ኢፖል በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ኮል መጠየቅ ነው። ለኔትወርክ በደንብ ይሠራል። ለተራ የዲስክ ፋይል ግን ሊኑክስ ይህን ምርጫ አይሰማም፣ ሪዱ እስኪያልቅ ያስተኛል። ከዚህም የባሰ አለ፦ ትሬዱ የነካው የሚሞሪ ገጽ ራም ላይ ከሌለ የገጽ ጉድለት ይፈጠርና ገጹ ከዲስክ እስኪመጣ ፕሮሰሱ በሙሉ ይቆማል። ይህን ላይብረሪው ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

በከርነል ደረጃ ትሬዶች እያንዳንዱ ትሬድ ከርነሉ ዘንድ የራሱ መዝገብ አለው። ሀ ሲተኛ ለ እና ሐ በሌላ ኮር ይሮጣሉ። ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ የገባ ትሬድ እንኳ ታይመሩ ሲደርስ ከኮሩ ይወርዳል። የሊኑክስ መደበኛ ትሬዶች በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ፍትሐዊነት ላይም ልዩነት አለ። አንድ ኮር ላይ ባለ 1 ትሬድ እና ባለ 100 ትሬድ ፕሮግራሞች እኩል ቅድሚያ ይዘው፣ ሁሉም ሥራ እያላቸው ይሻማሉ እንበል። መቶዎቹ የተጠቃሚ ደረጃ ከሆኑ ሁለቱ ፕሮግራሞች ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። የከርነል ደረጃ ከሆኑና ከርነሉ ትሬድ በትሬድ የሚያካፍል ከሆነ የመጀመሪያው የሚደርሰው ከ101 አንዱ ነው።

[ስክሪን፦ ብዙ ትንንሽ ክቦች በ4 ኮሮች ላይ ሲፈራረቁ]

ሁለቱን የትሬድ ዓይነቶች ማዳቀል በወረቀት ላይ ያምራል፣ ሲጻፍ ግን አድካሚ ነው፤ ሶላሪስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሞክሮት ትቶታል። ጎ ቋንቋ ተሳክቶለታል፦ ጎሩቲን የሚባለው የጎ ቀላል ትሬድ የሚጀምረው በ2 ኪሎባይት ስታክ ነው፣ አንዱ ሲስተም ኮል ውስጥ ሲዘገይ ሌሎቹ ወደ ሌላ የከርነል ትሬድ ይሸጋገራሉ። ሆኖም እስከ 2020ው 1.14 ድረስ ፈንክሽን የማይጠራ ሉፕ ተራውን አይለቅም ነበር።

የእናንተን ፕሮግራም ለማየት ሊኑክስ ላይ ቶፕ የተባለውን የሚሮጡ ፕሮግራሞች ማሳያ ክፈቱና ትልቁን ኤች ተጫኑ። መቶ ትሬድ ፈጥራችሁ አንድ መስመር ብቻ ከታየ፣ ከርነሉ ስለ ሌሎቹ አልሰማም።