የዘንድሮውን በሶብላ ለከርሞ ማቆየት

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ፤ በተቆረጠ ጀሪካን የበቀለ በሶብላ]

ጥቅምት ገብቷል፤ የበሶብላው አበባ ቡናማ መሆን ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ነቅሎ የሚጥለው ብዙ ነው። አደራ፣ አሁን እንዳትነቅሉት!

በሶብላ የአንድ ዓመት ተክል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ይጎዳዋል። ለከርሞ የሚተርፈው ዘሩ ነው። ጤና አዳምና ጽጌረዳ ግን ግንዳቸው ይጠነክራል፤ ዓመት ከዓመት ይቆያሉ፤ የሚራቡትም በዝንጣፊ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ይኸው ነው፦ ይህ ተክል የሚያዘው በዘር ነው ወይስ በዝንጣፊ?

[ምስል፦ እጅ የደረቀ የበሶብላ አበባ ሲያሽ]

የበሶብላው አበባ ተክሉ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ቆርጦ በወረቀት ላይ ማሸት፣ ገለባውን በቀስታ እፍ ማለት፤ ጥቃቅኑ ጥቁር ዘር ይቀራል። በውኃ አይታጠብም፤ ውኃ ሲነካው የሚያዳልጥ ልባስ ያወጣና ይጣበቃል።

ጎመን ላይ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ቅጠሉ ያማረው ይበላል፣ ቀድሞ ያበበው ለዘር ይተዋል። እንዲህ ሲደረግ የሚራባው ቶሎ የሚያብብ፣ ቅጠሉ ሳይጠገብ የሚያልቅ ጎመን ነው። ለዘር መተው ያለበት ከሁሉም ዘግይቶ የሚያብበው፣ ቅጠለ ሰፊው ነው። ክር ይታሰርበትና የቤቱ ሰው ሁሉ እንዳይቀጥፈው ይነገረው። መመረጥ ያለበት ገና ሳይበላ ነው።

ቲማቲም በደንብ ከበሰለ በኋላ ዘሩ ከነውኃው በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥና ልባሱ ሲለቅ ይታጠባል። ቃሪያ ቀልቶ መድረቅ አለበት፤ ሁለት ዓይነት ቃሪያ ጎን ለጎን ካለ ንብ ያዳቅለዋል። ከሱቅ የተገዛ የተዳቀለ ዘር ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እናቱን አይመስልም፤ ለእሱ መድከም አያስፈልግም።

[ምስል፦ የጤና አዳም ዝንጣፊ፣ አሸዋና አፈር የያዘ ጣሳ]

ለጤና አዳም አበባ ያልያዘ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይራገፍና እኩል አሸዋና አፈር ባለበት ጣሳ ይተከላል፤ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሥር እስኪይዝ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል፤ እየሳቡ ማየት ያጠፋዋል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚቆስል ጓንት ይደረግ።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተዋል። አሮጌ የጽጌረዳ ግንድ ተነቅሎ ቢጫን መጽደቁ ያጠራጥራል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ዝንጣፊ ግን በእጅ ቦርሳ ይሄዳል፤ ሲጸድቅም ያው የእናት ጽጌረዳ ነው፣ በቀለምም በሽታም። ግቢ ለሚለቅ ሰው ከዕቃ ሁሉ በፊት ይህን ባስታውሰው እወዳለሁ።

[ምስል፦ ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ፣ የወረቀት ፖስታዎች]

ዘርን የሚገድለው እርጥበትና ሙቀት ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክም ዘርን የሚያቆየው አድርቆና አቀዝቅዞ ነው። ቤት ውስጥ ዘሩ በጥላ ይደርቃል፣ ስሙና ዓመቱ በተጻፈበት ፖስታ ይገባል፣ ፖስታው በብልቃጥ ይከደናል። ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያ አይሆንም።

ሚያዝያ ላይ 10 ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ፣ እንዳይደርቅ ሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሰባትና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ዘሩ ደህና ነው። ሦስት አራት ከሆነ አብዝቶ መዝራት። አንድም ካልወጣ ግን ክረምቱ ገና ስላልገባ ከጎረቤት ዘር ለመጠየቅ ጊዜ አለ።