አዲስ ገቢውን አትከልክሉ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እዚህ አራት ኪሎ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን ኮድ ጽፈን የምናድር ስለሆንን መግቢያ አላበዛም። ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «በአንድ አካውንት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይገባ አድርጉልኝ።» ሲሰሙት ቀላል ነው። ዳታቤዙ ላይ አንዲት ኮለም ትጨመራለች፤ ሰውየው ሲገባ 1፣ ሲወጣ 0 ትሆናለች። 1 ከሆነች ሌላ አይገባም። አለቀ።

አላለቀም። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ የቅድሙን አያስታውስም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ እንደ አዲስ ነው። ብራውዘር ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ ሉ ሞንቱሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ኩኪን፣ ማለትም ሰርቨሩ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጣትንና በየጥያቄው የምትመለስለትን ትንሽ ማስታወሻ፣ የፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ኩኪ ግን ማን እንደመጣ ይናገራል እንጂ ማን እንደሄደ አይናገርም። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለች ገንዘብ ተቀባይ ሥራ ላይ እያለች መብራት ቢጠፋባት፣ «ውጣ» የሚለውን የሚጫን የለም። ኮለሟ 1 እንደሆነች ትቀራለች። መብራቱ ሲመለስ የገዛ አካውንቷ «ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ነው» ይላታል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ ለእናንተ፣ ያውም በእሁድ ቀን።

ምንም ሳይነካ የቆየውን የሚያስወጣ የጊዜ ገደብ እናበጃለን ትሉኝ ይሆናል። 30 ደቂቃ ካደረጋችሁት ደንበኛ ፊቷ ተሰልፎ 30 ደቂቃ ትቀመጣለች። 2 ደቂቃ ካደረጋችሁት ደግሞ ዝርዝር ብር ልታመጣ ጎረቤት ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ሲስተሙ አስወጥቷታል።

እኔ የምለው፣ አዲስ ገቢውን ተቀበሉ፤ የቀደመውን አስወጡ። ሰው በገባ ቁጥር አዲስ የሴሽን (ከመግባት እስከ መውጣት ያለው ቆይታ) መለያ ይፈጠርና በተጠቃሚው መዝገብ ላይ የድሮውን ተክቶ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ኩኪው የያዘው መለያ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ካልገጠመ ወደ መግቢያው ገጽ ይመለስ። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ለውጥ የለውም። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ቢገባ እንኳ መጨረሻ የተጻፈው ይጸናል። በየጥያቄው ዳታቤዝ መንካት ካሳሰባችሁ መረጃን ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ፈጣን ማከማቻ፣ ሬዲስ፣ አለላችሁ።

ጄደብሊውቲ፣ ማለትም ሰርቨሩ ፈርሞ ለተጠቃሚው የሚሰጠውን ዲጂታል የይለፍ ወረቀት (ቶከን)፣ የምትወዱም አላችሁ። ቶከኑ ፊርማው ትክክል ሆኖ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ይሠራል፤ ሰርቨሩ ያስቀመጠው ነገር ስለሌለ የሚሽረውም ነገር የለውም። ስለዚህ ቶከኑ ውስጥ በየመግባቱ የሚቀየር ቁጥር ጨምራችሁ ከዳታቤዙ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ያኔ በዙሪያ ጥምጥም ወደ ሴሽን ተመለሳችሁ ማለት ነው፤ ይመቻችሁ።

በአይፒ አድራሻ፣ መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ በሚታይበት ቁጥር፣ መለየት ይቅርባችሁ። በሞባይል ዳታ ብዙ ሰው አንድ አይፒ ይጋራል፤ አንዱ ሰው ደግሞ ከቢሮው ዋይፋይ ወጥቶ ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ አይፒው ይቀየርበታል።

የወጣው ሰው ምን ያያል? ብዙ ሲስተም ያለምንም ማብራሪያ መግቢያ ገጽ ላይ ይጥለዋል። «አካውንትዎ በሌላ መሣሪያ ተከፍቷል» በሉት እንጂ! ለተመዘገበው ስልክም ኤስኤምኤስ ላኩ። ስክሪን ላይ ብቻ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ሌባውም ያነበዋል፤ ፓስወርዱ በእጁ ስለሆነ ቀድሞ ሊቀይረውም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ደንበኛውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የፈራኸው ሌባ ነው ወይስ የራስህን ሠራተኞች? ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሌላ ነው። ሦስት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ፓስወርድ ይሠራሉ፤ ፓስወርዱ ካልኩሌተሩ ጀርባ ተለጥፏል። እዚያ ቤት ይህን አሠራር ብትዘረጉ አንዷ ስትገባ ሌላዋ እየወጣች ቀኑን ሙሉ ሲባረሩ ይውላሉ። ገንዘብ የጎደለ ዕለት መዝገቡ የሚያሳየው አንድ ስም ብቻ ነው። ያኔ ማጣራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለእያንዳንዷ የራሷን አካውንት ስጧት። አሠሪው «ለሦስት ሰው አልከፍልም» ካለ በሰው ቁጥር ማስከፈሉን ትታችሁ በሱቅ አስከፍሉ። ፓስወርድ እንዲጋሩ ያደረጋቸው የእናንተው የዋጋ ዝርዝር ሊሆን ይችላል።

አመሰግናለሁ።