መስመር ረግጠሻል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። የሐዋሳን የበጋ ሙቀት የምታውቁ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደምታገሥ ትገምታላችሁ። በመካከል ከፍቼው የባጃጅ ጡሩምባ ከሰማችሁ ይቅር በሉኝ። በዚህ ሁሉ ላብ መካከል የማወራችሁ ደግሞ ስለ በረዶ ነው።

ከርሊንግ የሚባል ጨዋታ አለ። መጀመሪያ ያየሁት በ2006 ነው፤ ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጣሊያን ቱሪን ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ቀርቦ ነበር። አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ሮቤልን ስጠብቅ፣ ሮቤል ሳይመጣ ከርሊንግ መጣ።

ሁለት ቡድኖች ናቸው፣ አራት አራት ሰዎች። ርዝመቱ 45 ሜትር ገደማ በሆነ የበረዶ ሜዳ ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ የተወለወለ ድንጋይ ያንሸራትታሉ። በወዲያኛው ጫፍ ክቦች ተሥለዋል፤ ድንጋዩን ለመሐሉ ያስጠጋ ነጥብ ያገኛል። ድንጋዩ ሲሄድ ሁለት ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ከፊት ከፊቱ በረዶውን እየፈገፈጉ ይሮጣሉ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ጥቂት አዩና «ለመጥረጉማ ባሕር ማዶ ምን አስኬደ?» ብለው ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። እኔ ቀረሁ። ያስቀረችኝ በድንጋዩ እጀታ ላይ ያየኋት ትንሽ መብራት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው ተስፈንጥሮ፣ አንድ ጉልበቱን አጥፎ፣ የድንጋዩን እጀታ እንደያዘ አብሮት ይንሸራተታል። ድንጋዩ ሆግ ላይን የሚባለው መስመር ላይ ከመድረሱ በፊት ግን እጁን ማንሣት አለበት። እጁ በቆየ ቁጥር ድንጋዩን መምራት ይቀለዋላ። አሳልፎ ከለቀቀ ያ ድንጋይ ከጨዋታ ይወጣል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ለመናገር ቀላል፣ ለማየት ግን መከራ። ድንጋዩም ይሄዳል፣ ሰውየውም ይሄዳል፣ ጣቶቹ ከእጀታው የሚላቀቁት ደግሞ በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት ነው። ለብዙ ዘመን ይህን የሚፈርደው መስመሩ አጠገብ የተመደበ ዳኛ ነበር። ዳኛው አለፈ ካለ አለፈ ነው። ተጫዋቹ «ለቅቄያለሁ» ቢል በምን ያስረዳል?

እዚህ ላይ ነው እትዬ ትዝ ያለችኝ።

እትዬ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ናት። ያደግነው ከታቦር ተራራ ሥር ነው። ከግቢያችን በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር፤ በእንጨት ጫፍ አፈሩ ላይ ሳጥን ሳጥን እንሠራለን፣ ስባሪ ሸክላ እንወረውራለን፣ ከዚያ በአንድ እግር መዝለል ነው። እሷ በዚህ ጨዋታ የምትቻል አልነበረችም። አንድ ቀን ልታሸንፈኝ አንድ ሳጥን ሲቀራት «መስመር ረግጠሻል!» ብዬ ጮኽኩ። አላየሁም። ዐይኔ ስባሪው ላይ ነበር። «ገብርኤልን፣ አልረገጥኩም!» አለች። የጎረቤት ልጆች ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዳቸውም አላዩም፣ ሁሉም ግን መሰከሩ። ጎንበስ ብለን መስመሩን መረመርን፤ የስንቱ እግር የተመላለሰበት አፈር ምን ሊናገር? እትዬ ስባሪውን ወርውራ እያለቀሰች ገባች። እኔ አሸነፍኩ።

ያን ጊዜ የነበረን መሣሪያ መሐላ ነበር። «እናቴ ትሙት» እስከ ማለት እንደርስ ነበር፤ እናታችን ከጓዳ ሰምታ በጫማ ታባርረናለች። ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ የባሰ ነበራቸው። ሌባ ሻይ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ጠጥቶ በመንደሩ ይለቀቃል፣ ሰው ከኋላው በገመድ ይይዘዋል፣ እሱም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና ይከፍላል። አውጫጭኝም ነበር፤ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን የሚደረግበት። በነዚህ ሥርዓቶች ላይ ሳስብ ከሁሉ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ልጁ በአንድ ደጃፍ ቆሞ «ይህ ቤት ንጹሕ ነው» ብሎ አያውቅም። መሣሪያው የተሠራው ጥፋተኛ እንዲያወጣ ነው፤ ሳያወጣም አያርፍም። ያልተያዘ ሰው ለጊዜው ያልተያዘ ነው እንጂ የጸዳ አይደለም።

አሁን ወደ እጀታው ልመለስ። ይህን እጀታ የሠሩት ካናዳ ውስጥ በሳስካቱን ከተማ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው፣ ወደ 2000ዎቹ መጀመሪያ። ሳስካቱን ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ሰዎቹ ስለ በረዶ ለማሰብ ጊዜም ምክንያትም ነበራቸው። በመስመሩ ልክ በረዶው ውስጥ ማግኔት ይቀበራል። በእጀታው ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር የሚያውቅ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለ፤ የሰው እጅ እየነካው መሆኑንና ድንጋዩ ከማግኔቱ በላይ መድረሱን። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከተገናኙ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እጁ ቀድሞ ከተነሣ አረንጓዴ ይበራል።

እኔን የማረከኝ አረንጓዴው ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ 10 ዙር አለው፤ በየዙሩ 16 ድንጋይ ይለቀቃል። እስከ መጨረሻው ከተጫወቱት እስከ 160 ጊዜ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይከሰስ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ያቺ መብራት አረንጓዴ ትበራለች፤ ሳያጠፋ ለቅቋል፣ ይህኛውም ለቅቋል፣ ያችኛዋም። ንጹሕ ሰው ምስክር ሲቆምለት በሕይወታችሁ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ ተከሶ ነጻ የወጣ አይቻለሁ። ሳይከሰስ በፊት «አላጠፋም» የተባለለት ግን በዚያ በረዶ ላይ ካልሆነ የት እንዳየሁ አላስታውስም።

አንዱ እጀታ በአንድ ወቅት ወደ 650 የአሜሪካ ዶላር ያወጣ ነበር። በ16 ድንጋይ ስታባዙት 10,400 ዶላር ይመጣል፣ ለአንድ ሜዳ ብቻ። ስለዚህ ትልልቆቹ ውድድሮች ናቸው የተጠቀሙበት፤ ትንንሾቹ ክበቦች ዛሬም በዐይንና በእምነት ይጫወታሉ። ንጽሕናም ዋጋ አለው እንግዲህ።

በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ አስቡት። አትሌት ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ መስመሩን አልፎ፣ ተደስቶ ሳለ ጫማው ተለካ። የሚፈቀደው የሶል ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእሱ 5 ሆኖ ተገኘና ውጤቱ ተሰረዘ። ከውድድሩ በፊት ያስመዘገበው ጫማ ሌላ፣ በዕለቱ ያደረገው ሌላ ነበር። ሕጉ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። እኔን ያሳዘነኝ ቀዩ መብራት የበራው ከመጨረሻው መስመር ወዲያ መሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ማግኔትም ኤሌክትሮኒክስም አያስፈልግም ነበር፤ በመነሻው ላይ አንድ ማስመሪያ የያዘ ሰው ይበቃ ነበር።

ደግሞም ያ የከርሊንግ እጀታ የሚጠብቀው አንዲት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሜዳ ሁሉ የተተወው ለሰው ምላስ ነው፤ ጨዋታውን የወደድኩትም ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። የሚጠርገው ተጫዋች በመጥረጊያው ወይም በእግሩ የሚሄደውን ድንጋይ ከነካው «ተቃጠለ» ይባላል። እንዲናገር የሚጠበቀው ማነው? ራሱ የነካው ሰው ነው። ዳኛ ሳይጠይቅ፣ ተጋጣሚ ሳይጮህ፣ «ነክቼዋለሁ» ይላል። ድንጋዩ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሆግ ላይን ካለፈ በኋላ ከተነካ፣ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው የተጋጣሚው ቡድን መሪ ነው፤ ድንጋዩን ያወጣዋል፣ ወይም እንዳለ ይተወዋል።

በ2018 በደቡብ ኮሪያው ኦሊምፒክ የዴንማርክ ሴቶች አንድ ድንጋይ በመጥረጊያ ነኩ። የካናዳዋ መሪ ራሼል ሆማን ድንጋዩን ከሜዳ አወጣችው። ሕጉ ይፈቅድላታል፣ ነጥብ በነጥብ። ሰዉ ግን ብዙ ወቀሳት፤ ለጨዋነት ሲባል መተው ነበረባት አለ። ካናዳም በተጨማሪ ዙር 9 ለ 8 ተሸነፈች። ይህን ሳነብ ሳቅሁም አዘንኩም፤ ሕግ ባለመጣሷ የተወቀሰች ሴት! እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው መሣሪያ ያበራል? ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም።

ከዚያ በፊት በ2015 ደግሞ የመጥረጊያ ጨርቅ ጉዳይ ተነሣ። አዲስ ዓይነት ጨርቅ ወጥቶ፣ ጠራጊው በረዶውን እየፋቀ ድንጋዩን እንደ መኪና መሪ ወደፈለገበት ይመልሰው ጀመር። ሕግ የጣሰ ሰው አልነበረም፤ ስለዚያ የተጻፈ ሕግ አልነበረማ። መጀመሪያ የጮኹት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ጨርቁ ተከለከለ፣ ለትልልቅ ውድድሮችም የሚፈቀደው ጨርቅ ተለይቶ ታወቀ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ እትዬ ቤት ሄድኩ። ዓሣ ገዝቼ ነው የሄድኩት፤ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን እንደ ሽማግሌ ዳኛ አቀርቅረው በሚያፈጡበት ቦታ። ቡና አፈላች። እኔም ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንሥቼ፣ ምንጣፉ ላይ ባለው ጥለት እንደ መስመር እየተጠቀምኩ፣ እጀታውን አስረዳኋት። ሲኒውን ገፋሁ፣ ለቀቅሁ፣ «አረንጓዴ» አልኩ። ገፋሁ፣ አሳለፍኩ፣ «ቀይ» አልኩ። እጣኑን እያጨሰች በትዕግሥት አየችኝ።

«ጓንት ቢያደርግስ?» አለች።

ተገረምኩ። እኔ ይህን ለማሰብ ዓመታት ፈጅቶብኛል። «ተከልክሏል» አልኳት። «መሣሪያው ባዶ እጅ ነው የሚያውቀው፤ በዚህ እጀታ ሲጫወቱ በሚለቁበት እጅ ጓንት አይደረግም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሲኒውን ከእጄ ወሰደችና ጆሮውን ትታ በጣቷ ጫፍ ገላውን ነካችው። «እጀታውን ለቅቆ፣ ድንጋዩን እንዲህ ገፋ ቢያደርገውስ?»

አድማጮቼ፣ እህቴ ከርሊንግ አይታ አታውቅም። ይህ የጠየቀችው ነገር ግን በ2026 ጣሊያን ውስጥ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ስዊድንንና ካናዳን ያጣላው ነው። የስዊድን ተጫዋቾች አንዱን የካናዳ ተጫዋች እጀታውን ከለቀቀ በኋላ ድንጋዩን በጣቱ ነክቷል ብለው ከሰሱት፤ እሱም እዚያው በረዶው ላይ በስድብ ጭምር አስተባበለ። እጀታው ስለ እጀታ እንጂ ስለ ድንጋዩ ገላ አያውቅም። የቪዲዮ ምስል በየስልኩ ተሰራጨ፤ ጨዋታውን የሚያስተዳድረው የዓለም ከርሊንግ ድርጅት ግን በቪዲዮ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈርድምና ተቆጣጣሪ ዳኞች በመስመሩ ላይ እንዲያዩ ተደረገ። ከ20 ዓመት በላይ መሣሪያ ከቆየ በኋላ ተመልሶ የሰው ዐይን።

ይህን ስነግራት ሳቀች። እኔም ሳቋን አይቼ ደፈርኩና የሄድኩበትን አነሣሁ። «እትዬ፣ ያን ቀን በር ላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረግጠሻል ያልኩሽ… አላየሁም ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የትኛውን ቀን?» አለች። «ሁልጊዜ ነበር እኮ የምትለው።»

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜ የዞርኩት አንድ ቀን ነው። መልስ አጣሁ። አቦሉ አልቆ ኖሮ ጀበናውን ውኃ ጨምራ መልሳ ጣደችው። ቶናው እስኪደርስ ድረስ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

መስኮቱን ልከፍት ነው። ደህና ሰንብቱ።